የግራ እግሬ ሁለት ጣቶችና የሳይክሉ ጫማ

በግራ እግሬ ሁለት ጣቶች መካከል የጀመረኝ ሕመም ትክክለኛ ስሙን እስኪያገኝ ስምንት ወር ፈጀ። በእነዚያ ወራት ሪህ ነው ተብያለሁ፣ የወገብ ነርቭ ነው ተብያለሁ፣ ውልቃት ነው ተብያለሁ፤ በመጨረሻም ማንም በአፉ ሊጠራው የማይፈልገውን በሽታ ፈርቼ ከቤተሰቤ ልለያይ ደርሼ ነበር። እንደ እኔ ሳይክል እየነዱ፣ መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ ሳይክሉን አቁመው አቀበቱን በእግራቸው የሚወጡ ሠራተኞች በየወረዳው አሉ። ለእነሱ ይጠቅማል ብዬ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ፤ ያጠፋሁትንም አልተውም።

የሺ እባላለሁ። መርሳ ተወልጄ ያደግኩ የመስኖ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያሉትን ጠለፋዎችና ቦዮች መከታተል ነው፤ ውኃው ከወንዙ የሚጠለፍበት ቦታ በደለል ተደፍኖ እንደሆነ፣ ቦዩ ተሰብሮ የማን ማሳ እንደደረቀ፣ የማን የውኃ ተራ እንደተዘለለ ማየት። ለሁሉም ሠራተኛ ሞተር ሳይክል ማዳረስ ስላልተቻለ ለእኔ ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ ብዙ የሆነ ማውንቴን ሳይክል ደረሰኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ግራና በምትባለው ከተማ በኩል ባሉት ቀበሌዎች መንገዱ እስከሚፈቅድልኝ እነዳለሁ፤ ከዚያ ሳይክሉን ገበሬ ቤት አስጠግቼ ጠለፋው ድረስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በእግሬ እወጣለሁ።

ባለቤቴ ጌታቸው ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ ይነዳል። እናቱ እማማ ብርቄ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። አራት ዓመት የሆናት ልጃችን ሜሮን ደግሞ የእኔ ከምትባል የእሳቸው ብትባል ይቀላል፤ ከእሳቸው ጋር ትተኛለች፣ ከእጃቸው ትጎርሳለች፣ ስታለቅስም የምትጠራው እሳቸውን ነው።

መጀመሪያ ላይ የምነዳው በሸራ ጫማ ነበር። ሶሉ ስስ ስለሆነ ውስጥ እግሬን የፔዳሉ ጥርስ ይቆረቁረኛል፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ደግሞ ያንሸራትታል። አንድ ቀን ጠለፋው አጠገብ ወደቅኩና ክንዴ ተላጠ። በሳምንቱ ወልድያ ወርጄ ሰልባጅ ጫማ ከሚሸጡት ዘንድ የሳይክል ጫማ ፈለግኩ። አንዱ ነጋዴ ጥቁር፣ በጎኑ ቀይ መስመር ያለው፣ ከሥሩ ከጣቶች በታች ትንሽ ብረት የተገጠመለት ጫማ አወጣልኝ። የውጭ አገር ብስክሌተኞች የሚወዳደሩበት ነው አለኝ። አደረግኩት፤ ጠበበኝ። ሲደረግ ይለቃል አለኝ። ውበቱ አሳሳተኝ መሰለኝ፣ አመንኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ መሰለኝ። ከሳይክል ወርጄ አወለቅኩ፣ አራገፍኩ፣ ምንም የለም። መልሼ ሳደርገው ጠጠሩ አለ። በወሩ ጠጠሩ ፍም ሆነ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ጣቴ ይቃጠላሉ። ካወለቅኩ በኋላ ትንሽ ተቀምጬ ሳሸው ይተወኛል። ከዚያ ግን ቃጠሎው በመደንዘዝ ይለወጥ ጀመር። ጣቶቼን በእጄ ስነካቸው የሌላ ሰው ጣት የነካሁ ያህል ነበር።

መጀመሪያ የታየሁት እዚያው መርሳ አንድ ክሊኒክ ነው። ደም ሰጠሁ፤ ሪህ ነው አሉኝ። ሥጋ ተይ፣ ሽሮ ተይ፣ ባቄላ ተይ ተባልኩና ኪኒን ተሰጠኝ። ሽሮ የማይበላ ሰው ምን እንደሚበላ እማማ ብርቄ ግራ ቢገባቸውም ድንችና ጎመን ለብቻዬ ይሠሩልኝ ነበር። ኪኒኑ ሕመሙን ያስታግስልኛል፤ ሲያልቅ ግን ሕመሙ እንደነበረው ይመለሳል።

ጫማውን ጠርጥሬው አላውቅም ብል እዋሻለሁ። አንድ ሰሞን ሳይክሉን ለዐሥር ቀን ያህል አቁሜ ልፈትነው አልኩ። በመሐል የጌታቸው ዘመድ ሠርግ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስቆም ውዬ እግሬ ከሳይክሉ ቀን የባሰ ነደደኝ። ስለዚህ ጫማውን ነፃ አወጣሁት። ያን ቀን ያደረግኩት ሹል የሠርግ ጫማ ከሳይክሉ ጫማ ይልቅ ጠባብ መሆኑ በጭራሽ አልታሰበኝም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምሄደውም በዚያው ጫማ ነበር።

ወልድያ ያለ ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ነርቭሽ የተነካው ከወገብሽ ነው አለኝ። ሳይክል ላይ ጎንበስ ብለሽ ስለምትነጂ ነው ሲሉኝ ልክ መሰለኝ። ዐሥር የነርቭ መርፌ ታዘዘልኝ፤ ዐሥሩንም ተወጋሁ። መቀመጫዬ አበጠ እንጂ ጣቶቼ እንደደነዘዙ ቀሩ። ቀጥሎ የጎረቤት ምክር ሰምቼ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ውልቃት ነው ብለው ጣቴን ሲጎትቱት ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ለሦስት ቀን መርገጥ አቃተኝ። በእሳቸው አልፈርድም፤ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ከሁሉ የከፋው ሕመሙ አልነበረም፤ ማንን እንደማምን አለማወቄ ነው። ሪህ ከሆነ ለምን ጫማ ሳወልቅ ይተወኛል? ወገብ ከሆነ ለምን ወገቤን አያመኝም? አንዱ እረፊ ይለኛል፣ አንዱ ተራመጂ ይለኛል። ሁሉም የሚናገሩት በእርግጠኝነት ነው። እግሬን የምጠላበት ቀን ነበር፤ ሕመሙን የማስመስል እየመሰለኝ የማፍርበትም ቀን ነበር።

በስድስተኛው ወር ገደማ ግራና አካባቢ አንድ ጠለፋ ለማየት ወጣሁ። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሼህ ይመር የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ቦዩን አይተን ስንወርድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅኩ። ሼህ ይመር ካልሲዬን ዐይተው ደም ነው አሉኝ። አራተኛ ጣቴ ጫፉ ተቀዶ ካልሲው ርሷል። መቼ እንደተቀደደ አላወቅኩም።

«አልተሰማሽም?» አሉኝ።

«አልተሰማኝም።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እሾህና እሳት የማይሰማው እግር ዝም አይባልም። ዱሮ ይደበቅ ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒት አለው ይላሉ። ሳትደብቂ አሳዪው፤ አብሽሪ» አሉኝ።

ስሙን አልጠሩትም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም። ሥጋ ደዌ ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ሳይክሌ ላይ ወጥቼ መርሳ እስክገባ መንገዱን እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። የማስበው ሜሮንን ነበር። ስንት ጊዜ አቅፌያታለሁ፣ ስንት ጊዜ ከእጄ ጎርሳለች እያልኩ።

ቤት ስገባ ለጌታቸው ነገርኩት። እማማ ብርቄ ጓዳ ሆነው ሰምተዋል። ወጥተው በሩ ላይ ቆመው እግሬን አዩ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ወደ ጓዳ ተመለሱ። ከማግስቱ ጀምሮ ከእኛ ጋር ትሪ መቅረብ ተዉ። የራሳቸውን ሳህንና ኩባያ ለይተው ለብቻቸው ይበላሉ። የሜሮንን ልብስና ፍራሽ ወደ እኛ ክፍል አምጥተው፣ «ከእንግዲህ እዚህ ትተኛ» አሉ። ልጅቷ እያለቀሰች በራቸውን ስትደበድብ አልከፈቱላትም።

እኔ ይህን ሳይ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ተጸየፉኝ። ሰባት ዓመት እናቴ ያልኳቸው ሴት ከእኔ ጋር አንድ ትሪ መንካት ፈሩ። ግን ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። እኔን ከፈሩ ልጅቷን ለምን ወደ እኔ አመጧት? ጌታቸውን ጠየቅኩት። እናቴ ክፉ አይደለችም አለኝ። ታዲያ ምንድን ናቸው ስለው ተቆጥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ አንነጋገርም ነበር። እሱ መኪናው ላይ ያመሻል፤ እኔ ልጄን ሳልነካት ለማስተኛት እሞክራለሁ።

ወልድያ ሆስፒታል ለመታየት ስነሣ መንገዱ ለቀናት ተዘጋ። ሲከፈት ጌታቸው ራሱ ወሰደኝ፤ ካርድ ክፍል በር ላይ አድርሶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። መጠበቂያው አግዳሚ ሞልቶ ስለነበር ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እግሬ ነደደኝና ጫማዬን ማውለቅ ፈለግኩ፤ ግን ሰው ጣቴን ቢያይስ ብዬ ፈራሁ። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ሁኔታዬን ዐይታ ተጠጋጋችና ቦታ ሰጠችኝ። አውልቂው፣ ለማን ብለሽ ነው አለችኝ። አወለቅኩት። እግሬን ዐይታ ፊቷን አላዞረችም። ሽንት ቤት ስሄድም ተራዬን ጠበቀችልኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪሙ ጊዜ ወስዶ አየኝ። ቆዳዬን ከእግር እስከ ጀርባ መረመረ፤ ዓይኔን አስጨፍኖ እግሬንና እጄን በጥጥ እየነካ የተነካሁበትን እንድጠቁም አደረገ፤ ከጉልበቴ ጎንና ከቁርጭምጭሚቴ አጠገብ ነርቮቼን ዳሰሰ። ስኳሬንም አስለካ። ከዚያ፣ «ሥጋ ደዌ አይደለም። ቢሆንም ኖሮ ይታከማል፤ መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ከጀመሩት በኋላም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ይህን ለፈራ ሰው ሁሉ ንገሪ» አለኝ።

ታዲያ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። እርግጠኛ አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒ ይዩሽ አለና ወረቀት ጻፈልኝ። ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ከደስታ እንዳልል ገና በሽታዬን አላወቅኩም፤ ከሐዘን እንዳልል የፈራሁት አልሆነም። ስሜቱን ዛሬም መለየት አልችልም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሐያት ትባላለች፤ ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት። ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ የምታደርጊያቸውን ጫማዎች በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ አለችኝ። ቅር አለኝ። ለስምንት ወር የተሠቃየሁበትን ነገር በጫማ የምታቃልልብኝ መሰለኝ። ቢሆንም ሸራውንም፣ የሳይክሉንም፣ የሠርጉንም ይዤ በቀጠሮዬ ተመለስኩ።

ሐያት ወረቀት መሬት ላይ ዘርግታ ቁሚበት አለችኝ። የእግሬን ዙሪያ በእርሳስ አዞረችና በመቀስ ቆረጠችው። ያን የወረቀት እግር በሳይክሉ ጫማ ሶል ላይ ስታስቀምጠው በሁለቱም ጎን የጣት ስፋት ያህል ተርፎ ወጣ። በሠርጉ ጫማ ላይ ስታስቀምጠውማ ግማሹ ውጭ ቀረ። ቀጥላ እግሬን ከግራና ከቀኝ በአንድ እጇ ጨምቃ፣ በሌላው አውራ ጣቷ ከሁለቱ ጣቶቼ ሥር ተጫነች። ቀጭ የሚል ነገር ተሰማኝና ያ ፍም ዳግም ነደደ።

«ይኸው ነው» አለች።

ሐኪሞች የሚጠሩበት ስም ረጅም ነው። ትርጉሙ ግን በእግር ጣቶች አጥንት መካከል የሚያልፈው ቀጭን ነርቭ ከግራ ከቀኝ ተጨምቆ ያብጣል ማለት ነው። ሲያብጥ ያቃጥላል፣ ሲብስ ጣቶቹን ያደነዝዛል። በእኔ ላይ ጠባቡ ጫማ ከጎን ይጨምቀዋል፤ ያ ብረት ደግሞ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ከሥር ይደቁሰዋል፤ ከሳይክል ወርጄ ድንጋይ ላይ ስሄድም ብረቱ አይለቀኝም። እሑድ እረፍት ነው ስል የሠርጉ ጫማ ይረከበዋል። ሐያት ለስድስት ሳምንት ሳይክል ከለከለችኝ፤ ከጣቶቼ ሥር ትንሽ ወደ ኋላ የሚቀመጥ የስፖንጅ ድጋፍ ቆርጣ ሰጠችኝ፤ የእግር ማፍታቻ እንቅስቃሴ አሳየችኝ። ካልተሻለሽ መርፌ አለ፣ ግን ጫማሽን ካልቀየርሽ መርፌውም አይረዳሽም አለችኝ።

ጫማ መምረጡ ራሱ ሌላ ግራ መጋባት ሆነ። ለአቀበት የሚሆነው ወፍራም ቡት ፔዳል ላይ አይቀመጥም፤ ለፔዳል የሚሆነው ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። ሐያት የወረቀት እግሬን ይዤ ወልድያ ሳይክል የሚጠግኑ ጋሽ ኪሮስ የሚባሉ ሰው ዘንድ እንድሄድ መከረችኝ። በወጣትነታቸው መቀሌ ላይ የብስክሌት ተወዳዳሪ የነበሩ፣ ወልድያ ከገቡ ብዙ ዘመን የሆናቸው ሰው ናቸው። ብረት ያለውን ጫማዬን ገልብጠው አዩት። ይህ ከሳይክሉ ለማይወርድ ሰው ነው አሉ።

«አንቺ ግን ግማሹ መንገድሽ በእግርሽ ነው። ሁለቱንም የሚችል ነው መፈለግ ያለብሽ፤ በአንዱ ብቻ የሚጎብዝ አይሆንሽም።»

ከእኔ ጋር ሰልባጁን እየዞሩ እንዴት እንደሚመረጥ አሳዩኝ። የጫማውን ጫፍና ተረከዝ ይዘሽ እጠፊው፤ መሐሉ ላይ ከታጠፈ ፔዳሉ እግርሽን ይቆረቁርሻል፣ ተዪው፤ ጨርሶ ካልታጠፈም አቀበት አያስወጣሽም፤ ጣቶች ጋ ብቻ ለቀቅ የሚለውን ፈልጊ አሉኝ። ሶሉን በጥፍርሽ ተጫኚው፤ ትንሽ ሰርጎደድ ካለ ፔዳሉንም ድንጋዩንም ይይዛል፤ እንደ ፕላስቲክ ከደረቀ ያንሸራትታል። ጫማ ጠዋት አትግዢ፣ ከሰዓት በኋላ እግር ሰፋ ስለሚል ያኔ ለኪ፤ ካልሲሽንም ይዘሽ ሂጂ። ማሰሪያው አጭር ይሁን፣ የሳይክሉ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሳትሞክሪ አትግዢ አሉና ሱቃቸው በር ላይ ጣውላ አዘንብለው ወጥቼ እንድወርድ አደረጉኝ። ስወጣ ተረከዜ ከተነሣ፣ ስወርድ ጣቴ ከፊት ከመታ አይሆንም።

በመጀመሪያው ቀን አንድም አልተገኘም። በሁለተኛውም አልተገኘም። በሦስተኛው፣ ጌታቸው ሚኒባሱን አቁሞ አብሮኝ ሲዞር አንድ የወንድ ጫማ አገኘ። ቀለሙ የደረቀ ጭቃ ይመስላል፣ ፊቱ ሰፊ ነው፤ ሶሉ ከመሐል ጠፍጣፋ፣ ከጫፍና ከተረከዝ ቦይ ቦይ ያለው። ወረቀቴን አስቀመጥኩበት፤ በሁሉም ጎን ከውስጥ ቀረ። ጋሽ ኪሮስ በር ላይ ጣውላውን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ምንም አልመታኝም። ጌታቸው በጣም አስቀያሚ ነው አለ፤ ከብዙ ሳምንታት በኋላ አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ቀን ተነሥቼ ዳንኩ አልልም። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ቃጠሎው ቀንሶ ነበር፤ መደንዘዙ ግን ይሄዳል ይመለሳል። አንዱን ሳምንት ተሻለኝ ስል በሌላው እንደገና ይጀምረኛል። በሦስተኛው ወር ወደ ጠለፋዎቼ ተመለስኩ። አራተኛው ጣቴ አሁንም አልፎ አልፎ ይጠፋብኛል። ጫማው ነው ያዳነኝ፣ ስፖንጁ ነው ወይስ እረፍቱ? ሐያትን ብጠይቃት ሳቀችና ሦስቱንም አትተዪ አለችኝ።

ያልተሻለኝ ቤቴ ነበር። ሥጋ ደዌ እንዳልሆነ ከሆስፒታል የመጣሁ ዕለት ለእማማ ብርቄ ነግሬያቸዋለሁ። እሰይ ልጄ ብለው አለቀሱ። ትሪ ግን አልቀረቡም። ሳህናቸው እንደተለየ፣ ሜሮንም ከበራቸው ውጭ እንደሆነች ቀረች። አሁንስ ሰበባቸው ምንድን ነው ብዬ ልቤ ሻከረ። ሰላምታ ብቻ እየሰጠኋቸው ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ለምሳ ቤት ስመጣ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን እየጠመዘዙ፣ ያቺ ሐያት ያልሻት ልጅ አሮጊትም ታያለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምን ሆኑ ብላቸው ጎንበስ ብለው የቀኝ ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለውት ነበር። ጨርቁን ስፈታው፣ ውስጥ እግራቸው ላይ ሳንቲም የሚያህል ቁስል አለ።

«አያምዎትም?»

«አያመኝም። ከዓመት በላይ ሆነው፣ እግሬ አይሰማኝም።» ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። «የእናቴ ታላቅ እህት በዚሁ ነው ከቤት የወጣችው። አንቺን እግርሽ አልሰማሽ ሲል፣ ከእኔ የተጋባብሽ መሰለኝ። ያንቺ ያ በሽታ አይደለም ሲሉሽ ደስ አለኝ፤ የኔው ግን የኔው ነው ብዬ ልጅቷን እንዳልነካት ራቅኩ።»

ያ ሳህን የተለየው ከእኔ አልነበረም። እሳቸው ከእኛ ሊሸሹ ነበር፤ እኔ ደግሞ ተጸየፉኝ ብዬ ስንት ወር ሸሸኋቸው። እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጌታቸውን በስልክ ጠራሁት።

ሆስፒታል ሲታዩ የስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ። ስኳሩ ሳይታወቅ ብዙ ቆይቶ የእግራቸውን ነርቭ አደንዝዞታል፤ ቁስሉም ስላልተሰማቸው ሰፋ። ጥቂት ወር ቢዘገዩ ኖሮ እግራቸውን ሊያጡ ይችሉ እንደነበር ሐኪሙ ሲነግረን ጌታቸው ወደ መስኮቱ ዞረ። ኪኒን ጀመሩ፤ ቁስሉ በየጊዜው እየታጠበ ቀስ በቀስ ሻረ። በባዶ እግር እንዳይሄዱ፣ ውስጥ እግራቸውን በየቀኑ በመስታወት እንዲያዩ ተነገራቸው። እኔም ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው። የደነዘዘ እግር ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጫማም፣ ስኳርም፣ ያ የፈራነውም። ሁሉም መላ አለው፤ የሚከፋው መደበቁ ነው። ሐኪም ዘንድ ስትታዩ ጫማችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

የስኳሩ ውጤት የተነገረን ዕለት ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣታችን በፊት እማማ ብርቄ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ይህ በሽታ አንድ አልጋ ላይ አብሮ በመተኛት ከሰው ወደ ሰው ይጋባል ወይ አሉ። አይጋባም ሲባሉ ሁለቴ አስደገሙት። መርሳ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሜሮን ከጎረቤት ስትመጣ የአያቷ በር ክፍት ነው። በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን አየች። ወደ ክፍላችን ሮጣ ትራሷን አመጣችና አልጋቸው ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።